ባለ አራት እርከን መሰላል

የኩባንያውን ስም አልጠራም። እነሱ ጠበቃ አላቸው፤ እኔ ምስክር እንኳ የለኝም። ከቴሌቪዥን ጋር እየተሰካ የሚጫወቱበትን የጌም ማሽን የሚሠራ ኩባንያ ነው ብል ይበቃል። በዘመኑ አራት ዓይነት ማሽን አወጣ፤ እኔም አራቱን ስፈታና ስገጥም ጥርሴን ነቀልኩ፣ ዓይኔንም ጨረስኩ።

በኛ መንገድ እነዚህን ማሽኖች በፋብሪካ ስማቸው የሚጠራ የለም። የመጀመሪያው «ጡብ» ነው፤ ከእጅህ ቢወድቅ እግርህ ይሰበራል እንጂ እሱ ምንም አይሆንም። ሁለተኛው «ሳለኛው» ነው፤ ሲዲ በጎረሰ ቁጥር እንደ ደረት በሽተኛ አስሎ አስሎ ይተፋዋል። ሦስተኛው «ምድጃው» ነው። አራተኛው «ባለሥልጣኑ»፤ በኢንተርኔት ከአለቆቹ ፈቃድ ካላገኘ አይነሳም፣ ከውስጡ አንድ ዕቃ ብትቀይርለት ደግሞ ይህን ማን ፈቀደ ብሎ ጭራሹን ይዘጋል።

ከአራቱ የከፋው የትኛው ነው? ባለሥልጣኑ ከወጣ ጀምሮ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ በዚህ ስንከራከር ኖረናል። ዲፕሎማው ባለሥልጣኑ ነው ይላል። ከዚያ በፊት ሳለኛው ነው ይል ነበር፤ እሱ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሐሳብ ይቀይራል፣ የተማረ ሰው ነው። እኔ ከምድጃው ንቅንቅ ብዬ አላውቅም።

ዲፕሎማው የምለው ጎረቤቴ የሆነውን ጠጋኝ ነው። ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ከበሩ ትይዩ ሰቅሎታል፤ ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሰላም የሚለው ወረቀቱን ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። ሱቆቻችን ጎን ለጎን ናቸው፣ በመካከላችን ግን ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ አለ። ባለ ቁልፉ እንለዋለን። የክርክሩ ዳኛ እሱ ነው፤ ማንም አልሾመውም፣ ቦታው ነው የሾመው።

«ብርዴ!» ይለኛል ዲፕሎማው ከበሩ ላይ ሆኖ። «ዛሬም ምድጃው ነው?»

«ነገም እሱ ነው።»

«ሰው የገዛውን ዕቃ ራሱ ከፍቶ መጠገን ካልቻለ ገዛው ይባላል? ተከራየው እንጂ!»

«የተከራየኸው ቤት ቢያንስ ተኝተህ ሳለ በእሳት አይያያዝም!»

«ምድጃው እኮ ይድናል፣ አንተ ሰው! ባለሥልጣኑ ነው የማይድነው።»

«ምድጃው የዳነበትን አገር አሳየኝ!»

«ዝም በሉ እስቲ፣ የቁልፍ ጥርስ እየቆረጥኩ ነው!» ይላል ባለ ቁልፉ። «ይኼ ሰውዬ ቤቱ ሳይገባ ቢያድር በናንተ ነው።» ከዚያ የመቁረጫ ማሽኑን ያጠፋና አቧራውን እፍ ብሎ ፍርዱን ይሰጣል፤ «ግራ ቀኙ ተሰምቷል። ለነገ ተቀጥሯል።»

ሁልጊዜ ለነገ ነው የሚቀጥረው። አንድም ቀን ፈርዶልኝ አያውቅም፣ ለእሱም አልፈረደለትም። እኔ እንደምናደድ አስመስል ነበር እንጂ በልቤ እወደው ነበር። በዚህ ምድር ላይ ሰው ሐሳቤን የሚጠይቀኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ብርዴ የተባልኩት በብርድ ልብስ ምክንያት ነው። ምድጃው ሲሞት እንዴት እንደሚሞት ልንገራችሁ። ትልቁ ቺፕ ይግላል፣ በሥሩ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፣ መብራቷ ብልጭ ትልና ጥፍት ትላለች። እኔ አንድ ቀን ሳላስበው መድኃኒቱን አገኘሁ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ መተንፈሻውን ሁሉ ደፍኜ፣ ሃያ ደቂቃ አስነሳሁት። የፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው። ስፈታው በራሱ ሙቀት ብየዳው ለስልሶ መልሶ ይዟል! ባለቤቱ ዘሎ አቀፈኝ። ብርድ ልብሱን ከቤት ነው ያመጣሁት፣ ግራጫ ነው። ባለቤቴ ስትፈልገው አጣችውና «ሱቅህ ታሞ ነው እንዴ ብርድ ልብስ የወሰድክለት?» አለችኝ። እኔም አዎ፣ አተኩሶታል አልኳት። ሳቀች። ያን ጊዜ እንስቅ ነበር።

መንገዱ ሁሉ ከእኔ ተማረ። ማን አስተማረህ ቢባሉ ግን አንዱም ስሜን አይጠራም፤ የሰጡኝ ቅጽል ስም ብቻ ነው፣ እሱንም እየሳቁ።

እርግጥ ነው፣ የተጠቀለለው ማሽን ብዙ አይቆይም። አንዳንዱ ወር፣ አንዳንዱ ሳምንት። ተመልሶ ሲመጣ «ጠባዩ ነው» እላለሁ፣ ደግሜ እጠቀልለዋለሁ። ታዲያ ሰው ተንኮለኛ ነው፤ እኔ ያልነካሁትን ማሽን አምጥቶ አንተ ነህ ያበላሸኸው የሚል አለ። ስለዚህ ምልክት ጀመርኩ። ክዳኑን ከፍቼ ከውስጥ በኩል በመርፌ ሁለት ቋሚ መስመር እጭራለሁ፣ በመካከላቸው አንድ እርከን። መሰላል ነው። ማሽኑ በተመለሰ ቁጥር አንድ እርከን እጨምራለሁ። ክዳኑን ሳይ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አውቃለሁ። መሰላሉ የማን እንደሆነ በመንገዳችን የማያውቅ ጠጋኝ የለም።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልናገር። ያኔ፣ ምድጃው በየቤቱ በሚሞትበት ዘመን፣ ዲፕሎማው አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። ሥዕል አለው። ቺፑን ከላይ የሚጫነው ብረት ቺፑ የተበየደበትን ሰሌዳ እያጎበጠው ነው ብየዳው የሚሰነጠቀው፣ ያንን ብረት አውጥተህ በቀጥ ያለ ብሎን ተካው፣ የደረቀውን ቅባት ጠርገህ አዲስ ቀባ፣ ከዚያ በሞቃት አየር ብየዳውን በልኩ አቅልጥ ይላል። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያን ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፣ ሦስት ደንበኛ ቆሟል፣ እኔ ሥዕሉን አያለሁ። ዝም ብዬ ሳይ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «እንግሊዝኛ ነው፣ ላንብብልህ?» አለኝ።

ከደንበኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

በሰባተኛ ክፍል የመምህራችንን ራዲዮ ጠግኜለት ነበር። አንድ ሳምንት ሠርቶ ዝም አለ። መምህሩ ከክፍሉ ፊት አቁሞ እጄን ወደ ላይ ይዞ «ይህንን እጅ እዩት፤ ያላወቀውን የሚነካ እጅ ይኼ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ሥራ ፍለጋ ቴሌቪዥን የሚገጥም ድርጅት ስሄድ ደግሞ በመስኮት ያለው ሰውዬ እጄን ሳያይ «ወረቀት?» አለኝ፤ የለኝም ስል መስኮቱን ዘጋው። እና ያ ሁሉ በዚያች ደቂቃ መጣብኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

«የኔ ማሽን ማንበብ አይፈልግም» አልኩት።

«እንደፈለግክ» ብሎ ሄደ። እሱ በወረቀቱ ሠራ። እኔ በብርድ ልብሴ ቀጠልኩ። የእሱ ማሽኖች እንደማይመለሱ አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ብርድ ልብሱን ያነሳሁት በእልህ ነው።

ይህ ሁሉ አለፈ። አሁን ምድጃው ብርቅ ሆኗል፣ ሰው በስልኩ ይጫወታል፣ የኔም ዓይን ትንንሹን ብየዳ አይለይም። በአጉሊ መነጽርም ይደበዝዝብኛል። በሱቄ ከሰው ይልቅ አቧራ ይበዛል። እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ሴትየዋ የመጣችው።

የመሳቢያ ቁልፍ ልታስቀርጽ ወደ ባለ ቁልፉ መጣች፤ ባለ ጥቁር ኮት፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ አርባ ያልሞላት። እኛ እንደ ልማዳችን ጩኸታችንን ይዘናል። ቆማ ሰማች። ማን እንደሆነች እኛ አልጠየቅንም፤ እሷ ግን የኛን ማንነት ባለ ቁልፉን ጠይቃ ነበር የሄደችው። በሳምንቱ ባለ ቁልፉ አንድ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙያ ማሠልጠኛ የጌምና የቤት ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ሊከፍት ነው፣ አንድ አሠልጣኝ ይፈልጋል። ሴትየዋ የማሠልጠኛው ዳይሬክተር ነበረች። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዷን መስመር ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። «የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም፤ የሥራ ልምድ ይበቃል» ትላለች።

በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ የሚል ወረቀት አላየሁም። እኔን ጠብቆ የተጻፈ መሰለኝ። ለማስተማር ዓይን አያስፈልግም፤ አፍና ልምድ ነው የሚያስፈልገው፣ ያ ደግሞ ሞልቶኛል። ከዚያች ሱቅ ሳልሞት ብወጣ፣ ሰው አንድ ቀን ብርዴ ሳይሆን መምህር ብሎ ቢጠራኝ፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አመለከትኩ። ለፈተና በተጠራሁበት ቀን ጠዋት ባለቤቴ ነጩን ሸሚዝ ተኩሳ አቆየችልኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ እየቆለፈች «መምህር ልበልህ እንግዲህ?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ አትቸኩዪ።»

«ልለማመድ ብዬ ነው።»

የተጠራነው እኔና ዲፕሎማው ብቻ ነበርን። አብረን እንሂድ ቢለኝ ብቻዬን ሄድኩ።

የሥልጠናው ክፍል አዲስ ቀለም ይሸታል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ላያቸው በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በየመሐሉ ገና ክዳን ያልገባላቸው የኤሌክትሪክ ሶኬቶች። አሥራ ሁለት ሠልጣኞች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ዳይሬክተሯ ከፊት ቆማ ተቀበለችን።

«ያን ቀን ቁልፌ በአምስት ደቂቃ አልቆ ነበር» አለች። «አንድ ሰዓት የቆምኩት እናንተን ስሰማ ነው። ዘጠኝ ዓመት የተከራከራችሁበትን እዚህ ድገሙት። ከአራቱ ማሽኖች የከፋው የቱ ነው? ሠልጣኞቹ ከክርክሩ የሚማሩበትን ሰው እመርጣለሁ።»

ዲፕሎማው ጀመረ። ጥሩ ተናገረ፣ አልክድም። ባለሥልጣኑን ፈታ፣ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ጋር በምስጢር ቁጥር እንዴት እንደተቆራኘ አሳየ። «ይህንን ሰሌዳ ብትቀይሩ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አልነሳም ይላል። የሚበላሽ ማሽን መጥፎ ነው። እንዳይጠገን ተብሎ የተሠራ ማሽን ግን ከመጥፎም በላይ ነው» አለ። ሠልጣኞቹ ጻፉ። ግን ፊታቸው ቀዝቅዟል፤ እንደ ንባብ ነው የሰሙት።

የኔ ተራ ሆነ። ከጎኔ ባለ ቁልፉ ቢኖር እንደምለው ልናገር ብዬ ተናገርኩ።

«እናንተ ልጆች፣ ራሱን በራሱ ጠብሶ የሚበላ ፍጥረት አይታችኋል? ምድጃው ያ ነው። ደስ ባለው መጠን ይግላል፣ በጋለ መጠን ይሞታል። ጨዋታው ሲደምቅ ነው የሚሞትባችሁ፣ ጎል ልታገቡ ስትሉ!»

ሳቁ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ማሽኑን በሕፃን ጋሪ እየገፋ ስላመጣልኝ ሰውዬ ነገርኳቸው፤ ማሽኑን ከሱቁ በረዶ ውስጥ አስቀምጦ ይጫወት ስለነበረው ሥጋ ሻጭ ነገርኳቸው። ከዚያ ቺፑ፣ ብየዳው፣ ስንጥቁ እንዴት እንደሚሆን በእጄ መዳፍ ላይ አሳየኋቸው። አንዷ ልጅ ጣቷን አንስታ ጠየቀች፣ መለስኩላት፣ ሌላው ጠየቀ። ዳይሬክተሯን በጎን አየኋት፤ ፈገግ ብላለች። ዲፕሎማው እንኳ ፈገግ ብሏል። አሸንፌ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ሳለኛው ይድናል» አልኩ። «ጡብ አይታመምም። ባለሥልጣኑ እንኳ ልመና ይሰማ ይሆናል። ምድጃውን ግን ያዳነ እጅ የለም! እኔ በመቶ የሚቆጠር ይዤ አልዳነልኝም። ያዳነ ካለ ማሽኑን አምጥቶ ያሳየኝ።»

ዳይሬክተሯ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «እኔ አለኝ» አለች። «ከቤት አምጥቼዋለሁ፣ ቢሮዬ ነው።»

ይዛው መጣች። በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ምድጃ፣ ጥጉ ላይ የተላጠ። ከቴሌቪዥኑ ጋር ሰካችው። ተነሳ። ሙዚቃው ሲሰማ ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ።

«የወንድሜ ነበር» አለች፣ ለሠልጣኞቹ ነው የምትነግረው። «ወንድሜ ከአልጋ የማይነሳ ነበር፤ እጁ ብቻ ነበር ጤነኛ። ከዚህ ሌላ መዋያ አልነበረውም። ሲበላሽ እናቴ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው። ሳምንት ይሠራና ይሞታል። እንደገና ትወስደዋለች፣ ጠባዩ ነው ይላታል። አራት ጊዜ ተመላለሰች። ወንድሜ በመጨረሻ ተይው እማዬ፣ አትድከሚ አላት። እሷ ግን አልተወችም፣ ሌላ ሱቅ ገባች። ያኛው ከሠራው በኋላ ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመም። ወንድሜ ሁለት ዓመት ተጫወተበት፣ ከዚያ አረፈ።» ወደ እኛ ዞረች። «የመጀመሪያው ምን አድርጎት ነበር? ሁለተኛውስ ምን አደረገ? ሁልጊዜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፍቱትና ለሠልጣኞቹ አሳዩልኝ።»

መፍቻውን ዲፕሎማው ነበር የያዘው። ነቅሎ ገለበጠው፣ ብሎኖቹን አወጣ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ክዳኑን ሲያነሳ ሁለታችንም እኩል አየን። መሰላል። አራት እርከን። ከሥሩ ደግሞ በእስክሪብቶ፣ በቀጥ ያለ ጽሑፍ፣ ቀን ተጽፏል፤ ያ የዲፕሎማው ልማድ ነው።

ክዳኑን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። መዳፉንም አሳረፈበት።

«የመጀመሪያው ጠጋኝ ምልክት ትቷል?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ጭረት ነገር አለ» አለ ዲፕሎማው። «የማን እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ ዘመን ብዙ ጠጋኝ ነበር።»

«የሁለተኛውስ?»

«እሱም አይታወቅም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነቱን ለመናገር ይህ አንድ ማሽን በዕድል የዳነ ነው። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ የከፋው ምድጃው ነው። እኔ በዚህ ተረትቻለሁ።»

ጋሼ አለኝ። ጋሼ ብሎኝ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ያልተረታልኝ ሰው፣ የራሱን ሥራ ክዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተረታልኝ። የአሠልጣኝነቱን ሥራ በእጁ ይዞ እንካ አለኝ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ዘረጋው፤ ላንብብልህ እንዳለኝ። ዝም ብል የኔ ነበር። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ እየዞረች ነበር፣ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ቤት ተቀምጣ ቃሉን እየተለማመደች ነበር።

እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳሁትና ገለበጥኩት።

«መሰላሉ የኔ ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ እባክህ» አለ ቀስ ብሎ።

«የኔ ነው! አራት ጊዜ የመጣልኝ እኔ ነኝ። አራት ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ይኼ ቀን የተጻፈው ደግሞ የሱ ጽሑፍ ነው፣ ያዳነው እሱ ነው። እንዴት እንደሚድንም አስቀድሞ ሊያሳየኝ መጥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት። አሁን አላውቀውም የሚለው አዝኖልኝ ነው። እኔ የማንንም ሐዘኔታ አልለመንኩም።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሠልጣኝ ደብተሩን ይዞ «ስንት ደቂቃ ነው የሚጠቀለለው?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ማንም አልሳቀም። ሃያ አልኩት። ጻፈው።

ዳይሬክተሯ ጣቷን እርከኖቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትቆጣ መልስ ነበረኝ።

«እናቴን ያስታውሷታል?» አለችኝ። «አጭር ነበረች። ማሽኑን በትራስ ልብስ ጠቅልላ ነበር የምታመጣው።»

ፈለግኳት። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሱቄ በር የገቡትን ሴቶች ሁሉ ፈለግኩ። የአንድም ሴት ፊት አልመጣልኝም። የመጣልኝ የመርፌዬ ድምፅ ብቻ ነው፣ ክዳን ሲጭር።

«አላስታውሳትም» አልኩ።

«እሺ» አለች። «እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።»

እውነቱን ለእሷ ብዬ አልነበረም የነገርኩት። ይህንንም ልነግራት ፈለግኩ፣ ግን ፊቴን አዙሬ ወጣሁ።

ዲፕሎማው እስከ ግቢው በር ተከተለኝ። «ለምን ተናገርክ? ይዤልህ ነበር እኮ!»

«ስለያዝክልኝ ነዋ» አልኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየች። ሸሚዙን ልቀበልህ ብላ ወሰደችና ኮሌታውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «አልቆሸሸም» አለች፣ «ለሌላ ቀን ይሆናል።» ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችው። ለየትኛው ሌላ ቀን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ሥራውን ለዲፕሎማው ሰጡት። ጠዋት ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ጣቱ ላይ የማስተማሪያ ሰሌዳ ቀለም ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን «ብርዴ!» ብሎ እስኪጠራኝ ጠበቅኩ። አልጠራኝም። በሁለተኛውም አልጠራኝም። ባለ ቁልፉ ከመካከል ሆኖ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያያል፣ ሥራ የፈታ ዳኛ።

በሦስተኛው ቀን እኔው በር ላይ ወጣሁ።

«አንተ! ዛሬም ባለሥልጣኑ ነው?»

ብቅ አለ። አየኝ። መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

«አይ ጋሼ» አለኝ። «ሳስበው ሳስበው እርስዎ ልክ ነበሩ። የከፋው ምድጃው ነው።»

ይህንን ልሰማ ዘጠኝ ዓመት ጮኼያለሁ። በሽተኛ የጠየቀውን ውሃ እንደሚያቀብሉት ነበር ያቀበለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይፈስ።

«እንዴት ይሆናል!» አልኩት። «ሰው የገዛውን ራሱ መክፈት ካልቻለ ምኑን ገዛው? ባለሥልጣኑ ነው የከፋው! አንተ ራስህ እንደዚያ ስትል አልነበር?»

«እሱም ያስኬዳል፣ ጋሼ» አለ። ወደ ውስጥም ገባ።

ወደ ባለ ቁልፉ ዞርኩ። ለነገ ተቀጥሯል ይላል ብዬ ጠበቅኩት። በእጁ የያዘውን ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ ገልበጥ አድርጎ አየ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ከዚያ ቀና ሳይል የመቁረጫ ማሽኑን አስነሳ።